ያለ ውሃ ስለበቀለው ባቄላ

ለክቡር የሕፃናት ትምህርት ክትትልና ድጋፍ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለማይገባኝ የምስክር ወረቀት ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። በጉብኝትዎ ዕለት ለፎቶግራፍ አንሺው የክፍሉ ብርሃን እስኪስተካከልለት ድረስ በሕፃናቱ ትንሽ ወንበር ላይ ታጥፈው የቆዩበት ወገብዎ እንዳልከፋብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ ከኋላዎ ሆነው ማስታወሻ ሲይዙ የነበሩት ስድስቱም እንግዶች ደኅና ይሁኑልኝ። እኔ ስድስት ዓመት ያልሞላቸውን ልጆች ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነኝ፣ በዚያ ዕለት ቡናማ ሹራብ ለብሼ መስኮቱ ሥር ቆሜ የነበርኩት መምህርት ነኝ። ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከአንዲት ልጅ በስተቀር የማንንም ዓይን ማየት አያቅተኝም።

ይህን የመሰለ ጽሑፍ በመዝገብ ቤት በኩል፣ በቁጥርና በማኅተም መላክ ሥርዓት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ያጠፋሁት በሰው ፊት፣ በካሜራና በጭብጨባ ስለሆነ፣ ማረሚያውን በታሸገ ፖስታ ለእርስዎ ብቻ መላክ ሁለተኛ ማታለል ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ባለፈው ሳምንት ከክፍልዎ የወጣ ደብዳቤ ደርሶኛል። በትምህርት ቤታችን ሕፃናት በራሳቸው ምርምር ባቄላ ያለ ውሃ እንደሚበቅል ያረጋገጡበት ምርጥ ተሞክሮ ወደ አርባ ትምህርት ቤቶች እንዲሰፋ መወሰኑን፣ አሠልጣኟም እኔ እንደምሆን ይገልጻል። ክብሩ ከበደኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቅርቤ፣ በመሐሉ የሆነውን ነገር እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፦ ስለላኩልን መመሪያ አመሰግናለሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። መመሪያው ሕፃናት ሳይንስን በቃል እየሸመደዱ ሳይሆን እየነኩ፣ እየጠየቁ፣ እየሞከሩና ያዩትን እየተናገሩ ይማሩ ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጆቼን ‘ተክል ለማደግ ውሃ፣ አየርና ብርሃን ያስፈልገዋል’ እያልኩ በዜማ ሳስጮህ፣ አንዲት ፍሬ ስትሰነጠቅ አንድም ቀን አሳይቻቸው እንደማላውቅ ያን ቀን ነው የገባኝ። ከመመሪያው ጋር አባሪ ሆኖ ስለመጣው ቅጽም አመሰግናለሁ። ‘የሚጠበቅ ውጤት’ በሚለው ዓምድ ሥር ‘ሁሉም ይበቅላል’ ተብሎ አስቀድሞ መታተሙ ብዙ ድካም ቀንሶልናል። ‘ሕፃናቱ የጠየቁት ጥያቄ ብዛት፣ በቁጥር’ የሚለው ዓምድም ጠባብ ስለነበር፣ ምን ብለው እንደጠየቁ ለመጻፍ ከመጨነቅ አድኖናል።

ሥራውን በሐሙስ ቀን ጀመርነው። ሠላሳ አንድ ልጆች፣ ሠላሳ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ፣ አንድ ባልዲ አፈር። ባቄላ ለመብቀል ምን ያስፈልገዋል ብዬ ጠየቅኋቸው። ውሃ ያሉ ነበሩ፣ ፀሐይ ያሉ ነበሩ፣ እናት ያለ ነበረ፣ አንዷ ደግሞ ‘ብቻውን የሚሆንበት ቦታ’ አለች። እሺ፣ እንሞክረዋ አልኳቸው። ሃያ አምስቱ ኩባያዎች መስኮቱ ሥር ሆነው ውሃ እንዲያገኙ፣ ሦስቱ ውሃ እያገኙ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጡ፣ ሦስቱ ደግሞ መስኮቱ ሥር ሆነው ውሃ እንዳይቀምሱ ተስማማን። ችግሩ ደረቁን ኩባያ የሚወስድ ልጅ ጠፋ። አንዱማ ገና ‘አንተ ትይዘዋለህ?’ ስለው እንባው መጣ።

ክፍላችን ውስጥ ‘ዳኛዋ’ የምንላት የአምስት ዓመት ተኩል ልጅ አለች። ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው። ሁለት ልጆች በእርሳስ ሲጣሉ እሷ መጥታ እርሳሱን አገላብጣ፣ የጥርስ ምልክቱን አይታ፣ ሁለቱንም አፋቸውን አስከፍታ ጥርሳቸውን ከመረመረች በኋላ ነው የምትፈርደው። ደረቁን ኩባያ ‘እኔ ልያዘው’ አለች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ‘አያሳዝንሽም?’ ሲላት፣ ‘ያሳዝነኛል። ግን ሁላችንም ካጠጣን በምን እናውቃለን?’ ብላ መለሰችለት። ይህን ስትል ሌሎች ሁለት ልጆች አብረዋት ደረቁን ለመያዝ ተስማሙ።

መጻፍ ስለማይችሉ እያንዳንዱ ልጅ በኩባያው ላይ የራሱን ምልክት ሥሎ ለጠፈ። የእሷ ማንኪያ ነበር። በየቀኑ ያዩትን በወረቀት ላይ ይሥላሉ። ሌሎቹ መጀመሪያ ነጭ ጫፍ፣ ከዚያ የታጠፈ አንገት፣ ከዚያ ሁለት ቅጠል ሲሥሉ፣ ዳኛዋ በአሥራ ሁለት የትምህርት ቀን አሥራ ሁለት ባዶ ክብ ሣለች። አንድም ቀን አልሰለቻትም። ሌሎቹ ሲያጠጡ ጠብታ እንዳይደርስባት ኩባያዋን በሁለት እጇ ትከድነዋለች። አንድ ቀን አንድ ልጅ አዝኖለት ተደብቆ ሊያጠጣው ሲል ደረሰችበትና፣ ሳትቆጣ፣ ‘ትንሽ ብቻ ጠብቅ፣ ልናውቅ ነው’ አለችው። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሳምንት ተደስቼ ወደ ሥራ የሄድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

፪ኛ፦ ከጉብኝትዎ በፊት በነበረው ዓርብ ስለላኩልን ባለሙያ አመሰግናለሁ። ጨዋ ሰው ናቸው። ኩባያዎቹን በእርሳሳቸው ጫፍ እየነኩ ቆጠሩና ‘ሃያ አራት አረንጓዴ፣ ሰባት ጉድለት’ ብለው ጻፉ። ሰባቱ ጉድለቶች እነዚህ ነበሩ፦ ሦስቱ ደረቅ ኩባያዎች፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ሆነው ብርሃን ፍለጋ ገርጥተው የረዘሙት ሦስቱ፣ አንዱ ደግሞ ባለቤቱ በጣም ከመውደዱ የተነሣ በውሃ ብዛት የበሰበሰው። ደረቆቹ ጉድለት ሳይሆኑ የሥራው ልብ መሆናቸውን አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያም ‘ይገባኛል እኅቴ፣ ግን ክቡርነታቸው ደረቅ ነገር ሲያዩ ቅር ይላቸዋል’ ብለው ቅጹን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ርዕሰ መምህርታችን በሩ ድረስ ሸኝተዋቸው ሲመለሱ ትከሻዬን ነካ አድርገው ‘እንግዲህ አንቺው ታውቂበታለሽ’ አሉኝ። 

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ የቀረውን ሁሉ በእርስዎ ላይ ባላክከው በጣም በተመቸኝ ነበር። እንዳላደርገው ግን፣ እጄን ይዞ ያስገደደኝ ሰው አልነበረም። አያድርገውና ቢጎድል ብዬ እቤቴ መስኮት ላይ አሥር ያህል ባቄላ ዘርቼ ነበር። ሲጀመር ለምን እንደዘራኋቸው አሁን ራሴን ስጠይቅ የማገኘው መልስ አያኮራም። ዓርብ ከሰዓት ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ሰባቱን ይዤ መጣሁና የክፍሉን በር ከውስጥ ቆለፍኩ። የልጆቹን ምልክት በምላጭ እየላጥኩ ከአሮጌው ኩባያ ወደ አዲሱ ለጠፍኩ። ማንኪያው ጠርዙ ላይ ትንሽ ተቀደደብኝ፤ በሙጫ አስተካከልኩት። ሰባቱን አሮጌ ኩባያዎች ከነአፈራቸው በጓሮ በኩል ባለው ቆሻሻ በርሜል ውስጥ ደፋኋቸው። ከዚያ ተመልሼ ሳይ የዳኛዋ አዲስ ኩባያ አፈሩ እርጥብ ነበር። ታውቃለች ብዬ ፈራሁ። ደረቅ አፈር በጣቶቼ አድቅቄ ላዩ ላይ ነሰነስኩበት። ሌላውን ሁሉ በችኮላ ነው ያደረግሁት ብል ሊያስኬደኝ ይችል ይሆናል፤ ያንን አፈር ግን በጥንቃቄ፣ ጊዜ ወስጄ፣ ልክ እንደ ጥሩ መምህርት ነው የነሰነስኩት።

፫ኛ፦ ስለ ጉብኝቱ ቀን አመሰግናለሁ።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሲገቡ ከሁሉ በፊት መስኮቱ ጋ የደረሰችው እሷ ነበረች። ኩባያዋን አይታ ቀጥ ብላ ቆመች። አልጮኸችም፣ አልዘለለችም። ወገቧን አጎንብሳ ከጎን አየችው፣ ቅጠሉን ነካችው፣ ጣቷን አፈሩ ላይ አድርጋ ደረቅ መሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

‘ቲቸር፣ ሰው አጠጥቶታል?’

‘ማንም አላጠጣውም’ አልኳት።

‘ቅዳሜስ? እሑድስ?’

‘በሩ ተቆልፎ ነበር። ማንም አላጠጣውም።’

ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ሁለት ጊዜ ዋሸሁ። ተመልሳ ሄዳ ወረቀቷን አወጣችና ከአሥራ ሁለቱ ባዶ ክቦች ቀጥሎ አረንጓዴ ግንድና ሁለት ቅጠል ሣለች። በጣም በጥንቃቄ ነው የሣለችው። ‘እና ውሃ አያስፈልገውማ’ አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

እርስዎ በአራት ሰዓት ደርሰው አሥራ አንድ ደቂቃ ቆዩ። ከኩባያዎቹ ሁሉ የእሷን በማንሣትዎ አመሰግናለሁ፤ እንዲያ ባያደርጉ ኖሮ ይህ ሁሉ ምናልባት በሠላሳ አንድ ልጆች መካከል ተረስቶ ይቀር ነበር። ‘ምን ተማርሽ የኔ ልጅ?’ አሏት። ‘ባቄላ ውሃ አያስፈልገውም። የኔን ማንም አላጠጣውም’ አለች። ዓረፍተ ነገሩን እስክትጨርስ አልጠበቁም፤ ‘በጣም ጎበዝ’ ብለው አጨበጨቡ፣ ስድስቱ እንግዶች አጨበጨቡ፣ ርዕሰ መምህርታችን አጨበጨቡ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ከተማሩት ሰዎች መካከል አንድ እንኳ ‘ቆይ፣ ምን አለች?’ የሚል አልተገኘም። በአዳራሽም ሆነ በቢሮ እንዲህ ያለ መግባባት ሁልጊዜ ስለማይገኝ፣ ላቀናበሩት ሁሉ ምስጋናዬ ይድረስ። በወሩ መጽሔታችሁ ላይም ፎቶግራፏ ወጣ። ከሥሩ ‘ሕፃናት በራሳቸው ምርምር ባቄላ ያለ ውሃ እንደሚበቅል አረጋገጡ’ ይላል። ፊደሉ ጥርት ያለ ነው።

፬ኛ፦ ለምስክር ወረቀቱ አመሰግናለሁ። ወረቀቱ ወፍራም ነው።

፭ኛ፦ የሚቀጥለው ምስጋና አይደለም፤ ነገር ግን ቁጥር የሌለው አንቀጽ በቢሮዎ እንደማይነበብ ስለሰማሁ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

የዳኛዋ አባት ችግኝ የሚያፈላ ሰው ነው። ቤታቸው በመንገዱ ዳር ነው፤ ግቢው ከበሩ እስከ ጓዳው ድረስ አፈር በተሞሉ ትንንሽ ጥቁር ፕላስቲኮች የተደረደረ ነው። ከግድግዳው ሥር ያለችው አንዲት ረድፍ የቲማቲም ችግኝ የልጅቷ ናት። አባቷ ሆን ብሎ ለእሷ የሰጣት ነው፤ በምስማር በተበሳ ጣሳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታጠጣዋለች። ከጉብኝትዎ በኋላ በነበረው ሳምንት አባቷ ታሞ የተኛ ወንድሙን ሊያስታምም አምስት ቀን ራቅ ወዳለ ቦታ ሄደ። ወቅቱ ሙቀት ነበር። ልጅቷና አክስቷ ብቻቸውን ቀሩ። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የቀሩትን ረድፎች ጠዋት ጠዋት ታጠጣለች፣ የልጅቷን ግን ክብሯን ላለመንካት ብላ ትታላታለች።

በመጀመሪያው ቀን ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ‘የኔ እናት፣ ረድፍሽን አጠጣሽ?’ ብትላት፣ ‘ውሃ አያስፈልገውም እኮ። ትምህርት ቤት ሞክረን አይተናል። ትልቁ ሰውዬም አጨብጭቧል’ ብላ መለሰች። አክስቷ የልጅ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። በሦስተኛው ቀን ችግኞቹ አንገታቸውን ሲደፉ ግን ደንግጣ ባልዲ ይዛ መጣች። ልጅቷ ረድፏ ፊት ቆመች። ‘ይቆይ፣ አክስቴ። የኔም ባቄላ ብዙ ቀን የሞተ መስሎ ቆይቶ ነው አንድ ቀን ብድግ ያለው’ አለቻት። ይህን የተናገረችው ሞኝ ሆና አይደለም፣ ክቡር ሆይ። ያየችው እንደዚያ ስለነበር ነው። አሥራ ሁለት ባዶ ክብ፣ ከዚያ በአንድ ሰኞ አረንጓዴ። ካየችው ተነሥታ ትክክለኛውን ድምዳሜ ነው የደረሰችበት። ውሸቱ የነበረው እኔ ያሳየኋት ነገር ውስጥ ነው። አክስቷ በአራተኛው ቀን በግድ አጠጣችው፤ ጊዜው አልፎ ነበር። አባቷ ሲመለስ ረድፏ ከዳር እስከ ዳር ደርቋል።

በማግሥቱ ጠዋት በአንድ እጁ ልጁን፣ በሌላው አንዲት የደረቀች ችግኝ ከነፕላስቲኳ ይዞ መጣ። በር ላይ ጫማውን ከአፈር አራግፎ ገባ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

‘መምህር፣ ለጠብ አልመጣሁም፤ ላጣራ ነው’ አለኝ። ‘እኔ ከአፈር ጋር ነው ያደግሁት፤ ያለ ውሃ የበቀለ ባቄላ አላየሁም። እሷ ደግሞ ያላየችውን አታወራም። ቲቸር ማንም አላጠጣውም ብላኛለች ትላለች። እውነት እንዲህ ብለዋታል?’

ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከሦስታችን በስተቀር ማንም አልነበረም። ካሜራ የለ፣ ቅጽ የለ፣ ባለሙያ የለ። ‘ልጆች ናቸው፣ አንዳንዴ አጥርተው አይሰሙም’ አልኩት።

ወደ ልጁ ዞረ። ‘አየሽ የኔ ልጅ፣ አጥርተሽ አልሰማሽም ነበር’ አላት፣ በፍቅር። እሷ ግን አባቷን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ጥርስ መርምራ ከመፍረዷ በፊት ሰው የምታይበት አስተያየት ነው። ከዚያ ዓይኗን ሰብራ፣ ‘አዎ፣ አልሰማሁም’ አለች። ዳኛዋ ለእኔ ብላ በራሷ ላይ ፈረደች። አባቷ ስላስቸገረኝ ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የሆነውን በአጭሩ ልንገርዎ። አንድ ቀን በሰሃን ላይ የበረዶ ቁራጭ አድርጌ ልጆቹን ዙሪያውን ሰብስቤ ‘ምን ይታያችኋል?’ አልኳቸው። ሌሎቹ ተንጫጩ። የእሷ ዓይን በረዶው ላይ አላረፈም፤ ፊቴ ላይ ነው ያረፈው። ከአፌ ዙሪያ፣ ከቅንድቤ፣ የምፈልገውን መልስ ስትፈልግ ታወቀኝ። ‘አንቺስ ምን አየሽ?’ ብላት ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ‘ቲቸር፣ ምን ልበል?’ አለችኝ።

በመመሪያዎ ውስጥ ለዚህ የተዘጋጀ ዓምድ የለም።

ቅዳሜ ጠዋት እቤታቸው ሄድኩ። አባትዬው ተቀምጦ ፕላስቲክ ውስጥ አፈር ይሞላል፤ አክስቷ በረንዳው ላይ ትሰፋለች፤ እሷ ፕላስቲኮቹን እየከፈተች ለአባቷ ታቀብላለች። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ ‘ባቄላሽን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አጥርተሽ ነው የሰማሽኝ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ’ አልኳት። የስፌት መኪናው ቆመ።

‘የኔው የት ሄደ?’ አለችኝ።

‘ጣልኩት።’

‘ሥር አውጥቶ ነበር?’

አላየሁም ነበር። ክቡር ሆይ፣ ያቺ ልጅ ለማወቅ ብላ ያን ሁሉ ቀን በእጇ ከድና የጠበቀችውን ነገር፣ እኔ በርሜል ውስጥ ስደፋው ጎንበስ ብዬ እንኳ አላየሁትም። ‘አላየሁም’ አልኳት።

‘ታዲያ አናውቅማ’ አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

አባትዬው አንድ ሳጥን ገልብጦ ‘ይቀመጡ’ አለኝ። ‘ያን ቀን ለእኔ ቢነግሩኝ መልካም ነበር። ልጄን አልሰማሽም ብያታለሁ’ አለ። ቆጣ ቢል ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ጠራትና፣ አፈር የነካ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ‘አጥርተሽ ነበር የሰማሽው፤ ያላመንኩሽ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ’ አላት። ይቅርታ የሚለውን ቃል በዚያ ግቢ ውስጥ መጀመሪያ የተናገረው ምንም ያላጠፋው ሰው ነው። እኔ ከእሱ ተከትዬ ነው ያልኩት።

ሰኞ ለሠላሳ አንዱም ልጆች ነገርኳቸው። ባቄላው ቁም ሳጥን ውስጥ የነበረ አንድ ልጅ እንደተጣለበት ሲሰማ አለቀሰ፤ ‘እየረዘመልኝ ነበር’ ይላል። አንዷ ‘ስትዋሺ ሆድሽን አመመሽ?’ ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ ስላት ‘እኔንም ያመኛል’ ብላ አጽናናችኝ። ርዕሰ መምህርታችን ‘ምን ነካሽ እኅቴ፣ የተሰጠን ስም እኮ ነው’ ብለው አዘኑብኝ። እውነትም ስም ነው የተሰጠን።

ዳኛዋ አዲስ ሙከራ ጀምራለች። በትምህርት ቤት አይደለም፤ ‘እዚያ አይሆንም’ ብላለች። በአባቷ መደርደሪያ ላይ፣ በሁለት ጣሳ፣ አንዱ ውሃ የሚጠጣ፣ አንዱ የማይጠጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እንዳይ ፈቅዳልኛለች፤ መንካት አልተፈቀደልኝም። በሁለተኛው ሳምንት የደረቀውን ቆፍራ አወጣችውና በመዳፏ ላይ አሳየችኝ። እንደተዘራበት ቀን ድርቅ ብሎ ጠንክሯል፣ ሥር የለውም። ፈገግ አላለችም። አሁን ደግሞ ሞቶ ይሁን ወይስ ውሃ እየጠበቀ ይሁን ለማወቅ ልታጠጣው ነው። ያለነው እዚያ ላይ ነው። በክፍል ውስጥ ግን አሁንም ከመመለሷ በፊት አንዴ ፊቴን ታያለች። ይቀራል ብዬ ልጽፍልዎ ፈልጌ ነበር፤ አላውቅም።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና እጠይቃለሁ። በመጽሔታችሁ ላይ ባቄላ ያለ ውሃ እንደማይበቅል፣ ያታለለችውም ሕፃናቱ ሳይሆኑ መምህርቷ እንደሆነች፣ በዚያው ገጽና በዚያው መጠን ፊደል ይታተምልኝ። የልጅቷ ፎቶግራፍ እንዳይደገም፤ ከተፈለገ የኔ ይውጣ። ለአርባው ትምህርት ቤት መምህራን ሥልጠና ከተጠራሁ እመጣለሁ፤ የማስተምራቸው ግን ይህንኑ ታሪክ ነው። በእኔ ላይ የሚወሰደውን የዲሲፕሊን እርምጃ ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ባለሙያዎን ግን አደራ አይንኩብኝ። እሳቸው ቅር እንዳይልዎ ብለው ነው፤ እኔም እሳቸው ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው፤ እንዲህ እየተሳሰብን ነው አንዲት ልጅ ዓይኗን እንዳታምን ያደረግናት።

የምስክር ወረቀቱን ከዚህ ጋር አባሪ አድርጌ፣ ለጭብጨባዎ፣ ለአሥራ አንዱም ደቂቃ፣ ለወገብዎም ጭምር ያለኝን የጠለቀ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ካለሁበት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ባቄላ የቀየረችው መምህርት

ግልባጭ፦
ለርዕሰ መምህርታችን
ለክፍልዎ ባለሙያ
ለልጅቷ አባት

ሳልረሳው፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ስለ እሷ የተጻፈ በመሆኑ ለዳኛዋ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና ‘ሰውዬው ባቄላ ዘርቶ ያውቃል?’ አለችኝ። እንደ ልማዴ ‘እንዴታ፣ በደንብ አድርገው’ ልላት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። አላውቅም፣ እሳቸውን እንጠይቃቸዋለን አልኳት። ለመጠየቅ ጊዜ እንዳይፈጅብን ብላ ከአባቷ የዘር ማሰሮ አንድ የባቄላ ፍሬ አምጥታ ፖስታው ውስጥ አስገብታልዎታለች። ምን እንደሚያስፈልገው አልነገረችዎትም፤ እርስዎ ራስዎ ቢያዩት ይሻላል ብላለች።